በመግሪብ የሚሸት ተቀጽላ

ቀስ በይ እንጂ! ማጅራቴን እኮ በረዶ አደረግሽው። አይ፣ አልተቆጣሁም፤ ርጪ፣ ግድ የለም። ያቺ መርጫሽ «ፍስስ» ስትል ነው ብንን ያልኩት። አንቺ ፀጉር ልታለሰልሺ ትረጫለሽ፣ እኔ ደግሞ ያን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር መካነ ሰላም፣ አባቴ ቤት፣ ሳሎኑ መስኮት ሥር ቆሜ ራሴን አገኘዋለሁ። እጄ ላይ የመስታወት መወልወያ ጠርሙስ፣ ፊቴ ላይ የጠዋት ብርሃን፣ ሆዴ ውስጥ ፍርሃት። መቼም ይሄን ጫካ የመሰለ ፀጉር እስክትጨርሺው ጊዜ አለን፤ ልንገርሽ።

ከሳውዲ የተመለስኩ ሰሞን ነው። ያንቺን ዕድሜ ብሆን ነው ያኔ። እዚያ የሠራሁበት ቤት የእመቤቲቱ እናት አልጋ ላይ የዋለች አሮጊት ነበረች፤ እሷን ማጠብ፣ ማጉረስ፣ ማገላበጥ የኔ ሥራ ነው። አሮጊቷ መስኮቷ ደፍ ላይ አበቦች ነበሯት። ኦርኪድ ይሏቸዋል፤ አሁን በየትልልቁ ሆቴል መግቢያ ላይ የሚቀመጡት፣ ሰው የፕላስቲክ ናቸው ብሎ በጣቱ የሚነካካቸው። ከቤት መውጣት አይፈቀድልኝም ነበርና ከእነሱ በቀር ነፍስ ያለው አረንጓዴ ነገር አላይም። አሮጊቷ በዓይኗ እየጠቆመች አስተማረችኝ። አፈር አይፈልጉም። ሥሮቻቸው ሲጠሙ ብር ይመስላሉ፣ ሲጠጡ አረንጓዴ ይሆናሉ። ውሃ እንደ ጤዛ ይረጭላቸዋል እንጂ አይደፋባቸውም። በዚያ ቤት ሁሉም ነገር ያስጮህብኝ ነበር፤ ሰሃኑ፣ ምንጣፉ፣ በሩን የዘጋሁበት መንገድ። በአበቦቹ የተነሳ ግን ማንም ጮሆብኝ አያውቅም። ጠዋት ጠዋት እነሱን ስረጭ ሰው መሆኔ ትዝ ይለኛል።

እና አገሬ ገባሁ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል አባይ ማዶ ያሉ ዘመዶቻችንን ጠይቄ በሚኒባስ ስመለስ፣ በረሃውን ጨርሰን ወደ ደጋው ልንወጣ ስንል ዝናብ የጣለው ትልቅ ዛፍ መንገዱን ዘግቶት አገኘን። ረዳቱና ወንዶቹ መጥረቢያ ተውሰው ግንዱን ሲከረክሩ፣ እኔ አንዱ ቅርንጫፍ ላይ ዓይኔ ተተክሎ ቀረ። ወፈር ወፈር ያሉ የሚያብረቀርቁ ቅጠሎች፣ ከሥራቸው ደግሞ ብር የመሰሉ ሥሮች ቅርፊቱን እቅፍ አድርገው ይዘውታል። ወላሂ! የአሮጊቷ አበባ ወገን! እዚሁ፣ በኛው አገር፣ በኛው ዛፍ ላይ! ያን ሁሉ ባሕር ተሻግሬ ያየሁት ነገር ለካ ጎረቤቴ ኖሯል። ዛፉ እንደሁ ወድቋል፣ ነገ ማገዶ ነው። ከነቅርፊቱ ፈልቅቄ በሻሼ ጠቀለልኩትና ጭኔ ላይ ይዤው ተሳፈርኩ።

አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ሻሹን አዩ አዩና «ምንድነው ልጄ?» አሉኝ። ገለጥ አድርጌ አሳየኋቸው። ሴትዮዋ ቀስ ብለው ወደ መስኮቱ ጥግ ተጠጉ፤ መካነ ሰላም እስክንገባም ፊታቸውን አላዞሩም። ያኔ በሆዴ ስቄባቸዋለሁ።

ነገሩ ምን መሰለሽ፤ በኛ አገር ዛፍ ላይ ተጣብቆ የሚበቅል ነገር ሁሉ ስሙ አንድ ነው፤ ተቀጽላ። ያብብ አያብብ ማን ይጠይቃል! ተቀጽላን ደግሞ ሰው ለጌጥ አይሰቅለውም። ተቀጽላ የሚፈለገው መድኃኒት አዋቂ ቤት ነው፤ ወይ ለበሽታ፣ ወይ ደግሞ... አንቺም ታውቂዋለሽ። ያላገባች ልጅ ይዛው ከታየች በሽታው አይታሰብላትም። ወንድ ልታስርበት ነው ይባላል።

እኔ ግን ይሄ ሁሉ መቼ ትዝ አለኝ! የወይራ ፍልጥ ላይ በጨርቅ ቅዳጅ አሰርኩት፣ ሳሎኑ መስኮት አጠገብ ሰቀልኩት፣ የመስታወት መወልወያ ጠርሙስ ደህና አድርጌ አጥቤ የዝናብ ውሃ ሞላሁበት። ጎህ ሲቀድ ሱብሂ እንደሰገድኩ መጀመሪያ የማደርገው እሱን መርጨት ነው። እናቴ፣ አላህ ይርሀማት፣ ወገቧን ይዛ ትስቅብኛለች። «ሳውዲ ድረስ ሄደሽ የእንጨት ሞግዚት ሆነሽ መጣሽ?» ትለኛለች። አባቴ አይስቅም። አባቴ አንድ ጊዜ ብቻ «ይሄን ነገር ከቤት ብታወጪው ጥሩ ነበር» አለ፤ ከዚያ ወዲያ አልደገመውም። ነገር መድገም አያውቅበትም። ግን ሳሎን ሲያልፍ በዚያኛው ግድግዳ በኩል ዞሮ ነው የሚያልፈው። ጎልማሳ ሰውዬ፣ ጅብ ያየ ይመስል!

በዚያው ሰሞን ታጨሁ። እጮኛዬ ገበያው ውስጥ የእናቱን ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ የሚይዝ ልጅ ነው። መጋረጃ ልገዛ ሄጄ ስንትና ስንት ቀን ያለ መጋረጃ እየተመለስኩ፣ ጎረቤት ሁሉ ጉዴን ካወቀው በኋላ ነው ሽማግሌ የላከው። ለሰው ሲለካ ክንዱን ጥብቅ አድርጎ ነው፤ ለኔ ሲለካ እስከ ትከሻው ይጨምርልኛል። ለስላሳ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ፣ ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋ። ወደድኩት። ምን ያሳፍራል አሁን፣ ክፉኛ ነው የወደድኩት። አባቴ እሺ አለ፣ ኒካሁ እህል ከተሰበሰበ በኋላ ይሁን ተባለ።

ተቀጽላዬም በዚያው ሰሞን ከቅጠሉ ሥር ቀጭን ዘንግ አወጣ። ዘንጉ ላይ እምቡጦች ተደረደሩ። ደስታዬን የት ላድርሰው! የዱር ነገር ቤት ገብቶ ሲያብብ፣ እጅሽ ሰላም ነው ማለት ነው።

ታዲያ አማቴ ሊሆኑ የነበሩት ሴት፣ የልጁ እናት፣ ቤታችንን ሊያዩ መጡ። እናቴ ቤቱን አንድ ሳምንት ስታምስ ከርማለች። ሴትዮዋ መስኮቱ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ሰላምታው፣ ዱዓው፣ ምርቃቱ አልቆ ምግብ ቀረበና ገና እጃቸውን ሲሰዱ ዓይናቸው ወደ መስኮቱ ሄደ።

«ይቺ ደግሞ ምንድናት?» አሉ።

እናቴ በልጇ እንዳትኩራራ፣ ነገሩን ቀለል ልታደርግ ፈልጋ፣ «ምን እባክዎ፣ ተቀጽላ ናት! ከበረሃ ይዛት መጥታ ሱብሂ ሰግዳ ውሃ ትረጭባታለች» አለቻቸው።

አበባ ናት ብትል ምን ነበረበት! አበባ የሚለው ቃል እኮ አፏ ላይ አለ። የሴትዮዋ እጅ እንጀራው ላይ ቆመ። ፊታቸው ቅጭም አለ። ዞረው እኔን አዩኝና፣ «ውሃው ላይ ምን ይቀራበታል?» አሉኝ።

«ምንም። ውሃ ነው» አልኩ።

«ሱብሂ ላይ?»

የቆረሱትን መልሰው መሶቡ ውስጥ አስቀመጡ፣ ነጠላቸውን ሰበሰቡ፣ «ቢስሚላሂ» እያሉ ወጡ። እህላችንን ሳይቀምሱ! እናቴ ደጃፍ ድረስ ተከተለቻቸው።

የሴትዮዋን ነገር የሰማነው ከዚያ በኋላ ነው። ለካ ባላቸው ከዓመታት በፊት ሌላ ሴት ተከትሎ የወጣ አልተመለሰም። በዚያች ሴት አልጋ ሥር በጨርቅ የታሰረ ተቀጽላ ተገኘ ተብሎ ተወርቷል። እውነት ይሁን ውሸት አላህ ይወቀው፤ እሳቸው ግን ያንን አምነው፣ በዚያ ተጽናንተው አንድ ልጃቸውን ብቻቸውን አሳድገዋል። ተመልከቺ እንግዲህ፤ ባሌን ነጠቀኝ የሚሉት ነገር፣ አሁን ደግሞ በልጃቸው እጮኛ መስኮት ላይ ተሰቅሎ ውሃ ይረጭለታል። ዛሬ ሳስበው አንጀቴን ይበሉታል። ያኔ ግን ቆሽቴ ነው ያረረው።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ መጡ። «ነገሩን አናካብደው» አሉ ትልቁ፤ «ይሄ ነገር ከቤት ይውጣ። ልጅቱም በልጁ ላይ ምንም አለማሠራቷን ቁርአን ይዛ ትማል። በቃ፣ ኒካሁ ይታሰራል።»

አባቴ ምንጣፉን ያያል። እናቴ ከጓዳ ሆና፣ «አውጪው! ለቅጠል ብለሽ ነው ባል የምታጪው?» ትላለች። ማውጣቱንስ ባወጣሁት። መማሉ ነው ያቃተኝ። እዚያ ሳውዲ የእመቤቲቱ ቀለበት ጠፍቶ ቁርአን አስይዘው አስምለውኝ ነበር፤ ቀለበቱ ኋላ ሶፋ ሥር ተገኘ፣ አፉ በይን ያለኝ የለም። ሁለተኛ እንደ ሌባ ቆሜ አልምልም ብዬ ለራሴ ነግሬያለሁ። ታዲያ በአገሬ፣ በአባቴ ቤት!

«አልምልም» አልኳቸው። «እምቡጥ ይዟል። ይፈንዳና እሳቸው መጥተው ይዩት። አበባ መሆኑን በዓይናቸው ካዩ ምን መሐላ ያስፈልጋል? ከዚያ እኔው በእጄ አወጣዋለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ትልቁ ጢማቸውን እያሻሹ «እስቲ ይሁን» አሉ። እንዲህ ሆነና ትዳሬ በሙሉ የሩዝ ፍሬ በማያክሉ እምቡጦች ላይ ተንጠለጠለ።

ኧረ ጆሮዬን! ያ ማድረቂያ ያቃጥላል፤ ትንሽ ራቅ አድርጊው።

ኅዳር መጣ፤ ውርጩም መጣ። የኛን አገር ውርጭ አታውቂውም አንቺ፤ ጠዋት ሳፋው ውስጥ ያለው ውሃ ቆዳ ያወጣል። የበረሃ ነገር ይሄን መች ይችላል? ማድቤት እንዳልወስደው ጭሱ ይገድለዋል። ማታ ማታ ጋቢዬን አልብሼው፣ ሥሩ ሙቅ ውሃ የሞላ ጀሪካን አስቀምጬለት፣ እኔ በአንሶላ ተኮራምቼ እተኛለሁ። ጠዋት ጋቢውን ገልጬ እምቡጦቹን እቆጥራለሁ። አንድ ቀን አንዱ እምቡጥ ቢጫ ሆኖ ወድቆ አገኘሁት። መዳፌ ላይ አድርጌ አየሁት። ከቀናት በኋላ ሌላው ተከተለ።

ወሬው ከተማውን ዞሯል። ልጆች በአጥራችን ሲያልፉ አፍንጫቸውን ይይዛሉ። «ሳውዲ የተማረችው ነው» ትላለች አንዷ፤ «ኧረ አባይ በረሃ ያሠራችው ነው» ትላለች ሌላዋ። እናቴ ገበያ መሄድ ተወች። እጮኛዬም በደጃችን ማለፍ አቆመ፤ ስልክ ብቻ ይደውላል።

«ለኔ ስትዪ ለምን አትጥዪውም?» አለኝ አንድ ቀን።

«አንተ ታምናለህ?»

«እኔማ ምን አምናለሁ! ግን እናቴ ናት» አለ። እውነቱን ነው፣ እናቱ ናቸው አልኩ። የልጅ ነገር፣ ደስ አለኝ እንኳን፤ እናቱን የሚያከብር ሚስቱን ያከብራል ብዬ።

ከዚያ አንድ ጠዋት ጋቢውን ስገልጠው ፈንድቷል። ያ ረቢ! ነጭ፣ እንደ ኮከብ የተዘረጋ፣ ከጀርባው ረዘም ያለ ቀጭን ጅራት የተንጠለጠለበት። እልል አልኩ፤ እናቴ የቤቱ ጣራ የወደቀ መስሏት እየሮጠች መጣች፣ አየችው፣ አፏን በእጇ ያዘች። ቀኑን ሙሉ እየተመላለስኩ አሸተትኩት፤ ምንም አይሸትም። ቅር አለኝ ትንሽ። ምን ያደርጋል፣ መልክ አለው ብዬ ተጽናናሁና በዚያው ቀን ለሽማግሌው መልእክት ሰደድኩ፤ ከሰዓት በኋላ ይምጡ ብዬ። ማታውን እንኳ አልጠበቅሁም።

የከሰዓቱ የአስር ሶላት እንደተሰገደ መጡ፤ ሴትዮዋ፣ ልጃቸውና ትልቁ ሽማግሌ። ሴትዮዋ በር ላይ ቆሙ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ተራመዱ። ጠጋ አሉ፣ አዩት። ቀስ ብለው ጎንበስ አሉና አፍንጫቸውን አስጠግተው አሸተቱት። ቀና ብለው እኔን አዩኝ።

«አበባ ነው እንዴ?» አሉ። ድምፃቸው የልጅ ይመስል ነበር። «አበባ እኮ ነው! እኔን አፈር ይብላኝ!»

እኔ አለቀስኩ መሰለሽ? ሳቅሁ። ሁሉም ሳቀ። አባቴ እንኳ ጥርሱ ታየ። ሴትዮዋ ተቀመጡ፣ እህላችንን በሉ፣ እናቴን አቅፈው አፉ ተባባሉ፣ የመሐላው ነገር ቀረ። እጮኛዬ ከማዶ ሆኖ ያየኛል፣ ዓይኑ በሳቅ ጠፍቷል። የኒካሁ ቀን ይቆረጥ ተባለ፤ ማን ይጠራ፣ ማን ይረድ፣ ጨዋታው ደራ። ፀሐይ ስትጠልቅ ማንም ልብ አላለም።

መግሪብ አዛን አለ። ወንዶቹ ሁለቱ፣ አባቴና ሽማግሌው፣ ወደ መስጊድ ወጡ። እጮኛዬ እናቱን ይዞ ሊሄድ ቀረ። እኛ ሴቶቹ ለመነሳት ስንሰናዳ፣ አንድ ነገር ቤቱን መሙላት ጀመረ። ሽታ። መጀመሪያ ሳስ ብሎ፣ ቀጥሎ ደመቅ ብሎ፣ የሎሚ ልጣጭ ማር ውስጥ የነከሩ የመሰለ። እንዲህ ያለ ጥሩ ሽታ በሕይወቴ አላሸተትኩም። ከየት እንደመጣ ሲገባኝ በደስታ ልጮህ ነበር።

ሴትዮዋ ግን አፍንጫቸውን ነፋ ነፋ አደረጉ። «ምን ሸተተ?» አሉ። ተነስተው ወደ አበባው ሄዱ፣ ጎንበስ አሉ፣ ከዚያ ቃጠሎ እንደነካው ሰው ወደ ኋላ ተመነጨቁ።

«ቅድም አልሸተተም! አፍንጫዬን አስጠግቼ ምንም አልነበረውም!»

«አበባ ነው እማማ፣ ሲመሽ ይሆናላ የሚሸተው...» አልኩ።

«በቀን ዝም ብሎ በመግሪብ የሚነሳው ምንድነው?» አሉ። «በመግሪብ ልጅ ከደጅ የሚሰበሰበው ምን ተፈርቶ ነው? እናንተም ታውቁታላችሁ! አዑዙ ቢላሂ!» ጫማቸውን በእጃቸው እንደያዙ በባዶ እግራቸው ወጡ።

በመግሪብ ጂን ይወጣል ይባላል፤ ይሄን የኛ አገር ልጅ ጡት ሲጥል ያውቀዋል። አበባው ላይ የቀረ ጥርጣሬ ቢኖር ያቺ ሰዓት ጨረሰችው። ነገ እንየው፣ ከነገ ወዲያ እንየው የሚባል ነገር አልቀረም። እጮኛዬ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ አንድ እግሩ ውጭ፣ አንድ እግሩ ውስጥ።

እኔም ያን ጊዜ ያ ሁሉ እልኬ ወዴት እንደገባ አላውቅም። ፍልጡን ከመስኮቱ ነጠቅሁት። «ጓሮ እሳት አለ» አልኩት፤ «አሁኑኑ አቃጥለዋለሁ። ቁርአንም ስጡኝ፣ እምላለሁ። ሂድ እናትህን መልሳቸው፣ እያዩ ላቃጥለው!» አልምልም ያልኩት እኔ ነኝ እኮ! እሱን ላለማጣት ግን እሳቱ ውስጥ ራሴ ግቢ ቢሉኝ እገባ ነበር።

ሮጦ መጥቶ እጄን ያዘኝ። «አታቃጥዪው!» አለኝ።

አላህ ያሳይሽ፣ በሕይወቴ እንደዚያች ቅጽበት የተደሰትኩበት ጊዜ የለም። ከኔ ጋር ቆመ አልኩ። እናቱን ትቶ ከኔ ጋር ቆመልኝ አልኩ።

ድምፁን ዝቅ አደረገና ቀጠለ። «አታቃጥዪው፤ ጭሱ እኛ ቤት ይደርሳል። ራቅ አድርገሽ ገደል ብትጥዪው ነው የሚሻለው።»

ቀና ብዬ አየሁት። በሻርፑ ጫፍ አፍንጫውን ይዟል። ትንፋሹን ውጦ ነው ያናግረኝ የነበረው፤ እጄንም የያዘው በመሐረብ ነው።

ክው አልኩ። አልጮህኩም፣ አልሰደብኩትም። ፍልጡን መልሼ ቦታው ላይ ሰቀልኩትና፣ «ሂድ» አልኩት፤ «እናትህ ብቻቸውን ናቸው፣ መሽቷል። ድረስባቸው።» ሄደ። የግቢያችንን በር ቀስ አድርጎ ነው የዘጋው፤ እንደሁልጊዜው፣ ድምፅ ሳያሰማ።

እናቴ ጓዳ ገብታ ታነባለች፤ «እኔ ነኝ፣ የኔ ምላስ ነው» ትላለች። ሳሎኑ መሐል እንደቆምኩ አባቴ ገባ። መንገድ ላይ አግኝቷቸዋል፤ ሁሉን ሰምቷል፤ ፊቱ ላይ አየሁት። እንግዲህ አሁን አውጥቶ ይጥለዋል ብዬ ጠበቅሁ። ቢጥለውም ምንም ለማለት አቅም አልነበረኝም።

አባቴ ለማታው የኢሻ ሶላት ከመስጊድ ቀርቶ አያውቅም። ያን ቀን ግን አዛኑ ሲሰማ ከቤት አልወጣም። መስገጃውን አነሳና በዚያኛው ግድግዳ ሳይዞር ሳሎኑን አቋርጦ መጣ፤ ልክ ከአበባው ሥር አነጠፈው። ሽታው እንደዚያ ቤቱን ሞልቶት እያለ ቆሞ ሰገደ። ሲጨርስም አልተነሳም፤ ሁለት እጁን ዘርግቶ ረጅም ዱዓ አደረገ። ነገር የማይደግመው አባቴ፣ በዱዓው መሐል ስሜን ደጋግሞ ሲጠራ ሰማሁት። ያኔ ነው እንባዬ የመጣው።